ስለ ላፕቶፕ ራም ንግድና ስለ ነጋዴ ቃል

በቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ ነጋዴ የማርያ ቴሬዛን ብር ሲቀበል ቆጥሮ ብቻ ወደ ከረጢቱ አይከትም ነበር። በብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት የዘውዷንና የትከሻ ጌጧን ነጥቦች አስተውሎ ይመለከታል፤ ነጥቦቹ የደበዘዙ ወይም የጎደሉ እንደ ሆነ ብሩን ለባለቤቱ ይመልሳል። የውጭ አገር ተጓዦች በዚህ ልማድ ተደንቀው ጽፈውበታል። ነጋዴው ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ እርሱ ሲቀበል ያልመረመረውን ገንዘብ ሌላው ሲቀበለው እንደሚመረምርበት አይዘነጋምና።

ዛሬ ይህ ጥንቃቄ ከአያሌ ዕቃዎች ላይ ጠፍቷል። ለላፕቶፕ ኮምፒውተር መጨመሪያ በሚሆነው፣ በተለምዶ ራም እየተባለ በሚጠራው ዕቃ ንግድ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል። ርዝመቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ቀጭን ሰሌዳ በሱቅ መስኮት ውስጥ ተደርድሮ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ገዢው «ስንት ጊጋ ነው? ዋጋውስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ሰጥቶ ዕቃውን ያስረክባል። «ተፈትኗል ወይ? ቢበላሽስ ማን ይመልሰዋል?» የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል። ለገዢውም ለነጋዴውም ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ካልተነሣው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለመረዳት የሲ.ኤም.ሲን አካባቢ መመልከት ይበቃል። ሲ.ኤም.ሲ የሚለው መጠሪያ ከኢጣሊያ አገር፣ ከራቬና ከተማ የመጣ የግንበኞች የኅብረት ሥራ ኩባንያ ስም ምሕጻር ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በዚህ ሰፈር በኩል ወደ አያት የሚወስደው መንገድ መካከሉን የቀላል ባቡር ሐዲድ ይዞ፣ ግራና ቀኙ በመኖሪያ ቤትና በሱቅ የተሞላ ነው። በመንገዱ ዳር ኮምፒውተር የሚጠግኑና የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ይገኛሉ፤ ደንበኞቻቸውም ተማሪዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና በየቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ግንበኛ እንደሚያውቀው በመሠረት ውስጥ የገባ ደካማ ድንጋይ በመጀመሪያው ቀን አይታይም፤ ቤቱ ተሠርቶ ሰው ከገባበት በኋላ ግን ግድግዳውን ይሰነጥቃል። መጥፎ ራምም ጠባዩ እንደዚሁ ነው።

በዚህ ጊዜ የራም ፈላጊ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አስቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ለብዙ ሰው የማይቀመስ ሆነ። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ አገልግሎት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋረጠ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 4 ጊጋ ራም ቢሆንም፣ በዚያ መጠን ሥራ ለማካሄድ የሞከረ ሰው ትዕግሥቱ እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ላፕቶፕ በራም አበርትቶ ጥቂት ዓመታት ማሠራት ብልህነት ነው፤ ነጋዴም ለዚህ ፍላጎት ዕቃ ማቅረቡ የሚያስመሰግን ተግባር ነው።

ነገር ግን ዕቃው ራሱ እየተወደደ መጥቷል። በዓለም ላይ አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ እነርሱም የኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ፣ የአሜሪካውም ማይክሮን ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግሉ ታላላቅ የኮምፒውተር ማዕከሎች ምርቱን በብዛት ስለ ወሰዱት ዋጋው በየአገሩ አሻቀበ። ማይክሮንም ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ተጠቃሚ ይሸጠው ከነበረው ንግድ እንደሚወጣ አስታወቀ። ዕቃ ሲወደድና የታመነ ስም ከገበያ ሲያንስ የአስመሳዩ ቀን ይመጣል። ቅቤ በተወደደ ጊዜ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ሰው እንደሚበዛ የመርካቶ ነጋዴ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ራምም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

ጉዳቱን ለማየት በሲ.ኤም.ሲ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ የሚይዙ ወይዘሮ ይታሰቡ። ላፕቶፓቸው 4 ጊጋ ራም ብቻ ስለ ነበረው በፒችትሪ የሒሳብ መዝገብ ሲሠሩ እየተጓተተ ያስቸግራቸዋል። ወደ ሰፈራቸው ሱቅ ሄደው በርካሽ ዋጋ 8 ጊጋ ያስጨምራሉ፤ ማሽኑም ለጊዜው ይፈጥናል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሰማያዊ ገጽ እያሳየ መጥፋት ይጀምራል። ወደ ሱቁ ሲመልሱት ወጣቱ ባለሙያ «እትዬ፣ ዊንዶውሱ ነው የተበላሸው፤ ፎርማት ይደረግ» ይላቸዋል። ፎርማት ይደረጋል፤ ችግሩ ይመለሳል። ቀጥሎ ቫይረስ ነው ይባላል፤ ከዚያም ሃርድ ዲስኩ ይለወጣል። በመጨረሻ የወር ሒሳብ መዝጊያ ቀን ሲደርስ መዝገቡ አልከፈት ይላል። «የኔ ልጅ፣ ያኔ ራሙን ስትጨምርልኝ ፈትነኸዋል?» ብለው ቢጠይቁት፣ መልሱ ዝምታ ነው። ይህን የመሰለ ታሪክ በጥገና ሥራ ላይ ለቆየ ሰው እንግዳ አይደለም።

መጥፎ ራም ከሞተ ራም ይልቅ የሚከፋበት ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ዛሬ የሚሠራበት የራም ዓይነት መነሻው የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ሮበርት ዴናርድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ያሰበውና በ1968 የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘበት ሥራ ነው። በዚህ አሠራር እያንዳንዷ መረጃ በአንዲት ኢምንት የኤሌክትሪክ ቋት ውስጥ ትቀመጣለች፤ ቋቷም ስለምታፈስስ በሰከንድ ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ እንደ ገና መሞላት ይኖርባታል። 8 ጊጋ ራም እንዲህ ያሉ ቋቶች ከ68 ቢሊዮን በላይ አሉት። ከእነዚህ አንዲቱ ብትደክም ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ አይቆምም፤ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ቁጥር በሌላ ቁጥር ለውጦ ሥራውን ይቀጥላል። የተለወጠውም ቁጥር ወደ መዝገብ ሊገባና ሊቀመጥ ይችላል። ለታላላቅ ድርጅቶች በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ስሕተትን የሚያውቅና የሚያርም ልዩ ራም ይደረጋል፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ግን ይህ ጠባቂ የለውም።

ሥጋቱ ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ጥናት መጥቀስ ይጠቅማል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ ከሚሠሩት 100 የራም ሰሌዳዎች መካከል በዓመት ውስጥ ከ8 በላይ የሚሆኑት ስሕተት አሳይተዋል። እነዚያ በጥንቃቄ ተመርጠው የተገዙና በጥሩ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ። ምንጩ ያልታወቀና ያልተፈተነ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ የታመነ ራም እንዴት ይመረጣል? የመጀመሪያው ነገር ዕቃው ለማሽኑ የተገባ መሆኑ ነው። የላፕቶፕ ራም በየትውልዱ ይለያያል። ዲዲአር3 የሚባለው 204 ወርቃማ ጥርሶች ሲኖሩት፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 ደግሞ 262 አለው፤ መካከሉ ላይ ያለው ቁራጭ ቦታም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። አለመግባቱ እንኳ በጎ ነው፤ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃልና። የሚያሳስተው የዲዲአር3 ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው በ1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ መልካቸውም አንድ ነው። ከ4ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወዲህ የተሠሩ ዲዲአር3 የሚቀበሉ ላፕቶፖች 1.35 ቮልቱን ይፈልጋሉ። ባለ 1.35 ቮልቱ በአሮጌዎቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። ስለዚህ አስመጪ ለአሮጌ ላፕቶፖች ዕቃ ሲያዝዝ ባለ 1.35 ቮልቱን ቢያዝዝ ከማይሸጥ ክምችት ይድናል።

ሁለተኛው ነገር ማሽኑ ምን ያህል እንደሚቀበል ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ላፕቶፕ የራሱ የመጨረሻ መጠን አለው፤ ይህም በአምራቹ መግለጫ ላይ ይገኛል። አያሌ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራማቸው በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለ ሆነ ከቶ ሊጨመርባቸው አይችልም፤ የአፕል ማክቡክ ኤር ለዚህ ምሳሌ ነው። እንዲሁም 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ማሽን ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፤ ይህን ሳይነግሩ 8 ጊጋ መሸጥ ከደንበኛ ኪስ በከንቱ መውሰድ ነው። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብረው ሲገቡ ሁለቱም በዝግተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ፤ ባለ ሁለት ስሎት በሆነ ማሽን ላይ ከአንድ ባለ 8 ጊጋ ይልቅ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ቢገቡ ሥራው ይቀልጥፋል።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እርሱም ምንጩን መለየት ነው። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ስምና ቺፑን የሠራው ፋብሪካ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ኪንግስተን ቺፑን ከሌሎች ገዝቶ፣ ሰሌዳውን አዘጋጅቶና ፈትኖ በራሱ ስም ይሸጣል፤ ይህም የተከበረ ሥራ ነው። የሚያስፈራው ከአሮጌ ሰሌዳ ላይ ተነቅሎ፣ ጽሑፉ ተፍቆና እንደ ገና ታትሞ «አዲስ» ተብሎ የሚመጣው ነው። ተለጣፊ ወረቀት በማንኛውም ማተሚያ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ከአምራቹ መግለጫ ጋር መመሳከር አለበት፤ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከሰሌዳው ውስጥ የሚነበበውም መረጃ ከወረቀቱ ጋር መስማማት ይገባዋል። አለመስማማቱ ዕቃውን ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው። መስማማቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ያም መረጃ ሊለወጥ ይችላልና።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ አሳብ ማቃናት ያስፈልጋል። አዲስ ሁሉ መልካም፣ ያገለገለ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ራም እንደ መኪና ጎማ በመሽከርከር የሚያልቅ ክፍል የለውም። ከታወቀ ላፕቶፕ ላይ የወጣ፣ ፋብሪካው የታወቀና በሚገባ የተፈተነ አሮጌ ራም፣ ምንጩ ካልታወቀ የሚያብለጨልጭ አዲስ ራም እጅግ ይሻላል። ነውሩ ያገለገለውን አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ነው። ያገለገለውን «ያገለገለ ነው፤ ተፈትኗል፤ ዋጋውም ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ለድኻው ደንበኛ ታላቅ ውለታ ይውላል።

ፈተናውም ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። ዊንዶውስ የራሱ የራም መፈተሻ አለው፤ ከዚህ ይልቅ ጠለቅ ያለ ምርመራ የሚያደርገው ሜምቴስት86 የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በፍላሽ ላይ ተጭኖ ከዊንዶውስ ውጭ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ መጠኑን አስተካክሎ ማሳየቱ ፈተና አይደለም፤ ፈተና ማለት ቋቶቹን ሁሉ ደጋግሞ መጻፍና ማንበብ ነው፤ ይህም ሰዓታትን ይወስዳል። አንዲት ስሕተት እንኳ ከታየች፣ ራሙን አውጥቶ ጥርሶቹን በላጲስ አጽድቶ በሌላ ስሎት እንደ ገና መፈተን ይገባል። ስሕተቷ ከተደገመች ዕቃው አይሸጥም።

ባለሱቆች በዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚያነሡ የታወቀ ነው። «ደንበኛ ይቸኩላል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈትን ማሽን ከየት ይመጣል?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ ፈተናው ደንበኛው በመጣ ጊዜ ሳይሆን ዕቃው ከጅምላ አከፋፋይ በገባበት ሌሊት ይደረግ። በየሱቁ ጥግ የተጣለ፣ ለሽያጭ የማይሆን አሮጌ ላፕቶፕ ለዚህ ያገለግላል፤ ባትሪው ደኅና ከሆነም መብራት ለአፍታ ቢጠፋ ሥራው አይቋረጥም። ሁለተኛው ተቃውሞ «ደንበኛ ርካሹን እንጂ ዋስትናውን አይፈልግም» የሚለው ነው። ደንበኛው ግን የልዩነቱን ምክንያት የነገረው ሰው ስለ ሌለ ነው ርካሹን የሚመርጠው። ሁለት ዋጋ ቀርቦለት፣ አንዱ የተፈተነና የሚመለስ፣ ሌላው ያለ ዋስትና መሆኑ በግልጽ ቢነገረው፣ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው። ዕቃው በሻንጣ የገባ ከሆነ አምጪው ደረሰኝ አይሰጥም፤ ባለሱቁም የተበላሸውን የሚመልስበት የለውም። እውነት ነው። የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጡ የውጭ አምራቾች ቢኖሩም፣ ዋስትናው ወደ አምራቹ የሚያደርስ ሰንሰለት ከሌለው በወረቀት ላይ የቀረ ቃል ነው። በዚህ በኩል የመጀመሪያው ኀላፊነት የአስመጪው ነው። ቡና ላኪ ናሙናው ሳይቀመስና ደረጃው ሳይታወቅ ጭነቱን አይልክም፤ የውጭ ገዢውም አይቀበለውም። ራም አስመጪም እንደዚሁ የዕቃውን ቁጥር በዋጋ ማቅረቢያው ላይ እንዲጻፍ ቢያስገድድ፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና አንሥቶ ቢያስፈትን፣ የተበላሸው የሚለወጥበትንም ውል አስቀድሞ ቢይዝ፣ በሲ.ኤም.ሲ ያለው ባለሱቅ የሚደገፍበት ምርኩዝ ያገኛል።

ሕጉም ቢሆን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ገዢውንም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የራም ጉድለት ግን ከ15 ቀን በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ገዢ በእነዚህ ቀናት ውስጥ በራሱ ሌሊት ማሽኑን ቢፈትን፣ መዝገቡንም በሌላ ዲስክ ቢገለብጥ መልካም ነው፤ ነጋዴም ሕጉ ካዘዘው ጥቂት ወራት ጨምሮ ቢሰጥ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ፈትኖ የሸጠ ሰው የሚመለስበት ዕቃ ጥቂት ነውና።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። በእያንዳንዱ የራም ደረሰኝ ላይ አራት ነገሮች ይጻፉ፤ የዕቃው ዓይነትና ቁጥር፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ የተፈተነበት ቀን፣ የሚመለስበት ጊዜ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ወይም ሌላ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ መስመር ቀለምና አንድ ሌሊት መብራት ይበቃል። ነጋዴዎች በየአካባቢያቸው ተስማምተው ይህን ልማድ ቢያደርጉት፣ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው አስመሳይ ከመካከላቸው በራሱ ይለያል።

በአንድ ራም ላይ ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲሉ ደንበኛን ማጣት፣ «በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች» እንደሚባለው ነው። የወር ሒሳቧ የጠፋባት ወይዘሮ ወደዚያ ሱቅ አትመለስም፤ ጎረቤቶቿንም ወደዚያ አትልክም። በአንጻሩ «ይህ ራም ስሕተት አሳይቷል፤ አልሸጥልዎትም» የተባለ ደንበኛ ያን ሱቅ ለልጁም ያወርሰዋል። አባቶች የብሩን ነጥብ ሲመለከቱ የጠበቁት ብሩን ብቻ አልነበረም፤ በገበያ መካከል የሚጠሩበትን ስምም ጭምር ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የነጋዴ ስም ደግሞ የሚጻፈው በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ነው።